የምንጊዜም ታላቁ ቦክሰኛ ማን ነው? እኔ አሊ አይደለም ባይ ነኝ

ጣርማበር
ሰላም ለዚህ ቤት። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ማንንም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ መሐመድ አሊ። እኔ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስቀምጥና ከዚያ በኋላ ውረዱብኝ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ሰውየው ከ1940 እስከ 1965 ወደ 200 ጊዜ ያህል ሪንግ ላይ ወጥቷል። ከ170 በላይ አሸነፈ፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆነው በዝረራ ነው። የመጀመሪያዎቹን 40 ግጥሚያዎች አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ። በፌብሩዋሪ 1943 ዲትሮይት ላይ ጄክ ላሞታ በነጥብ ረታው። ላሞታ የዚያን ቀን ወደ 7 ኪሎ ይበልጠው ነበር። ሮቢንሰን አልተቀመጠም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ያንኑ ላሞታን እዚያው ዲትሮይት አሸነፈው። ከዚያ በኋላ እስከ ጁላይ 1951 ድረስ 91 ግጥሚያ ሽንፈት የሚባል አላየም። ከስምንት ዓመት በላይ ማለት ነው። ዛሬ ያሉት በዓመት ሁለት ጊዜ ከተጋጠሙ በዛ ይባላል።

አሊ ትልቅ ሰው ነው፣ ማን ይክዳል። ጥያቄው ግን ቦክስ ነው። ሁሉንም በአንድ ክብደት አድርጋችሁ ብታጋጥሟቸው ማን ይቀራል? አሊ ራሱ በልጅነቱ ማንን እያየ እንዳደገ ጠይቁ። ሮቢንሰንን ነው።

የቲክቶክ ቁራጭ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብቻ።

የጅሩ_ሰንጋ
ምነው ወንድሜ፣ የጣርማ በር ጉም አናትህ ውስጥ ገባ እንዴ?

አሊ ነው። 1960 ሮም። ያኔ ስሙ ካሲየስ ክሌይ ነው፣ ዕድሜው ገና 18። ሴፕቴምበር 5 ላይ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቁን አጠለቀ። አምስት ቀን ቆይቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ጃቶ የተወለደው የኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ሁለቱ የአንድ ኦሎምፒክ ልጆች ናቸው! እኔ ከዚህ በኋላ ምን ማስረጃ ልጨምር?

ሮቢት_ሙቀት
@የጅሩ_ሰንጋ አበበ ሮጦ ስላሸነፈ አሊ ምርጥ ቦክሰኛ ሆነ? እንዲህ ያለ ማስረጃ ፍርድ ቤት ይዘህ ብትሄድ ዳኛው ከሳሹን ትቶ አንተን ነው የሚያስረው 😂

ለማንኛውም ታይሰን ነው። በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን። 1986። እስከ ዛሬ ማንም አልሰበረውም። ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ። አበቃ።

ጣርማበር
@ሮቢት_ሙቀት አላበቃም። ፌብሩዋሪ 1990፣ ቶኪዮ፣ በስተር ዳግላስ፣ 10ኛ ዙር። ከዚያ በኋላ ሆሊፊልድን ሁለቴ ገጠመው፣ ሁለቴ ተሸነፈ፣ ሁለተኛው ላይ ጆሮ ነክሶ ወጣ። ታይሰን ሲያሸንፍ የሚያስፈራውን ያህል ሲቸገር ሌላ መንገድ የለውም። የሦስት ዓመት ማዕበል ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሩብ ምዕተ ዓመት ነው።

አረርቲ_ነጩ
እናንተ ሁላችሁም ቁጥር ማንበብ አትችሉም ማለት ነው? ሜይዌዘር። 50 ተጋጥሞ 50 አሸነፈ። በአምስት የክብደት ደረጃ ሻምፒዮን። ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል! አሊ አምስት ጊዜ። ያልተሸነፈ እያለ የተሸነፈ ምርጥ የሚባልበት አገር የት ነው?

ሮቢት_ሙቀት
ሜይዌዘር ቦክሰኛ ነው ወይስ ሂሳብ ሠራተኛ?

አረርቲ_ነጩ
ያልተመታ ሰው ቢስቅ ያምርበታል። ቀጥል።

የድሮ_ጓንት
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ብዙ አልጽፍም። በወጣትነቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቦክስ ሠርቻለሁ፤ በኋላም ልጆች አሠልጥኛለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልናገር።

አረርቲ፣ ልጄ፣ ያልከው ቁጥር እውነት ነው፤ ግን 50 ለ0ን ብቻውን አታቁመው። ሮኪ ማርሲያኖም 49 ለ0 ነው፣ 43ቱ በዝረራ፣ 1956 ላይ ጓንቱን ሰቀለ። ማርሲያኖን ምርጥ የማትለው ለምንድነው? ከነማን ጋር፣ በስንት ዕድሜያቸው እንደተጋጠመ ስለምታይ ነው። ጆ ሉዊስን ያሸነፈው ሉዊስ 37 ዓመቱ ላይ እግሩ አልታዘዝ ካለው በኋላ ነው። ሜይዌዘርም እንደዚያው ነው። ፓኪያዎን ሕዝቡ የጠበቀው ከ2009 ጀምሮ ነበር፤ የተጋጠሙት ሜይ 2015 ነው። ሃምሳኛው ደግሞ ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ የሌለው ማክግሪገር ነው። የሜይዌዘርን ትከሻ መከላከያ እኔ ራሴ ለልጆች አስተምሬዋለሁ፤ ግሩም ጥበብ ነው። ነገር ግን መርጦ መጋጠምም የጥበቡ አካል ነበር።

የድሮዎቹ ሌላ ኑሮ ነው የኖሩት። የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር። 12 የሆነው በ1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከማንቺኒ ጋር ከተጋጠመ በኋላ ስለሞተ ነው። ሦስት ዙር ትንሽ ትመስላችኋለች። ሪንግ ላይ ቆሞ 12ኛውን የጨረሰ ሰው እጁን ወደ አገጩ ማንሳት ራሱ ሥራ ይሆንበታል፤ ክንዱ የራሱ አይመስለውም። ሚዛንም የሚወጡት በዚያው በግጥሚያው ቀን ነበር። ዛሬ ከአንድ ቀን በፊት ይመዘኑና ውኃውንም ምግቡንም መልሰው ሞልተው ብዙ ኪሎ ጨምረው ይገባሉ።

እንግዲህ ስለ ሮቢንሰን። ሜይ 1 ቀን 1957፣ ቺካጎ፣ ከጂን ፉልመር ጋር። ፉልመር ከአራት ወር በፊት ቀበቶውን ወስዶበታል፣ በዝረራ ተሸንፎ አያውቅም፣ እንደ በሬ ወደፊት የሚገፋ ሰው ነው። ሮቢንሰን ያኔ ወደ 36 እየተጠጋ ነው። አምስተኛውን ዙር አውጥታችሁ እዩት፤ ግን እጁን ተዉትና እግሩን እዩ። ሮቢንሰን ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ክብደቱ ተረከዙ ላይ ስለሆነ ቡጢው ባዶ ነው፤ እኛም ለልጆቻችን «እየሸሸህ አትምታ» ነው የምንለው። እሱ ቀኙን ወደ ጎድን ይልካል፣ ፉልመር ክንዱን ለመሸፈን ዝቅ ያደርጋል፣ የሮቢንሰን እግር ለአንድ አፍታ መሬት ትይዛለች፣ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) አገጩ ላይ ታርፋለች። አጭር ናት፤ እጁ ብዙ አልተጓዘም። ፉልመር ወለሉ ላይ ሆኖ ገመዱን ይዞ ለመነሳት ይታገላል፣ ዳኛው አሥር ይጨርሳል።

ያችን ሁክ ለማስተማር ዓመታት ሞክሬያለሁ። ብርድ ልብስ ጨርቅና አሸዋ በሞላንበት ጆንያ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ጆንያው በውርጭ እንጨት ሆኖ። ቆሞ የሚመታት ልጅ ሞልቷል። ወደ ኋላ እየሄደ የሚመታት አንድም አላገኘሁም።

ስለዚህ ጣርማበር ልክ ነው። ከተከታተልኩት ሁሉ ሮቢንሰን ነው።

ጣርማበር
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። 🙏 በሉ እንግዲህ የአሊ ሠራዊት፣ ወዴት አለህ?

የጅሩ_ሰንጋ
ጋሼ የድሮ ጓንት፣ ክብረት ይስጥልኝ፤ በእርስዎ ላይ ቃል አልመልስም። ለጣርማበር ግን እመልሳለሁ።

ሮቢንሰን በሠላሳ ምናምን ዓመቱ ፉልመርን ጣለ፣ ጎሽ። አሊ በ32 ዓመቱ ኪንሻሳ ላይ ማንን ነው የገጠመው? ጆርጅ ፎርማን! 25 ዓመቱ፣ 40 ተጋጥሞ 40 ያሸነፈ፣ 37ቱን በዝረራ። ፍሬዚየርን በሁለት ዙር፣ ኖርተንን በሁለት ዙር ያነጠፈ። ሁለቱም አሊን ያሸነፉ ሰዎች ናቸው! ያኔ ሰው ሁሉ አሊ ይሞታል ብሎ ነበር የፈራው። እሱ ገመዱ ላይ ተደግፎ ሰባት ዙር አስደበደበና ፎርማን ሲደክም በስምንተኛው ጣለው። ደግሞ አስታውሱ፣ ከ1967 እስከ 1970 ቬትናም አልዘምትም ስላለ ፈቃዱን ተነጥቆ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ አልተጋጠመም። የቦክሰኛ ምርጥ ዓመታት የትኞቹ ናቸው ጋሼ? እስኪ እርስዎ ይፍረዱ። ያንን ሁሉ ቆርጠውበት እንኳ ይኸው ስሙ የማይጠራበት አገር የለም።

የድሮ_ጓንት
ሰንጋው፣ ያነሳኸው ነገር ከባድ ነው። ከ25 እስከ 28 ምርጦቹ ናቸው፣ ልክ ነህ። ከመታገዱ በፊት የነበረው የ1966ቱን አሊ፣ ከክሊቭላንድ ዊልያምስ ጋር የተጋጠመውን ብታየው፣ በዚያ ቁመትና ክብደት እንደዚያ በእግሩ የሄደ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የተመለሰው አሊ ሌላ ሰው ነው፤ እግሩ ሄዶ አገጩና ልቡ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ገመዱ ላይ ተደገፈ» የምትለውን ሁሉም ይናገራል። የመጀመሪያውን ዙር ያየ ግን ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዙር አሊ ፎርማንን በቀኝ እጁ ቀድሞ፣ ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላክ ቡጢ) ሳይልክ፣ ደጋግሞ መታው። ቀኝ እጅ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ደረጃ ላለ ቦክሰኛ በቀኝ መጀመር ስድብ ነው። ፎርማን በንዴት ነው ድካሙን የጀመረው።

ሮቢት_ሙቀት
ጋሼ ታይሰንንስ እንዴት ያዩታል? ዝም አሉኝ።

የድሮ_ጓንት
እስከ 1988 ድረስ በጣም እወደዋለሁ። ጭንቅላቱን የሚያንቀሳቅስበትን ተማር። ሌላውን ተወው።

የአንኮበር_ልጅ
ወንዶች ብቻ የምትከራከሩበት ክር ነው ወይስ መግባት ይቻላል? 😊

እስካሁን ጆ ሉዊስን የጠራ ሰው ቢኖር ማርሲያኖ ላይ ሲሸነፍ ብቻ ነው። ይኼ እኛ አገር ሊሆን አይገባም፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ጁን 25 ቀን 1935፣ ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። በአንድ በኩል የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ፣ 89 ኪሎ ገደማ። በሌላ በኩል ፕሪሞ ካርኔራ፣ ጣሊያናዊ፣ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ ወደ 118 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ሰው። ሙሶሊኒ የአዲሲቱ ጣሊያን ጉልበት ብሎ ያሳየው የነበረ። ቀኑን ልብ በሉ። የወልወል ግጭት ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል፣ ጣሊያን በኤርትራና በሶማሊያ ጦር እያከማቸች ነው፣ ወረራው ሊጀመር ሦስት ወር ከሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ለኒውዮርኩ የሐርለም ሰፈር ጥቁሮች ይህ የሁለት ሰዎች ግጥሚያ አልነበረም፤ ኢትዮጵያና ጣሊያን ናቸው ሪንግ ላይ የወጡት። ብጥብጥ ይነሳል ተብሎ ከሺህ በላይ ፖሊስ ስታዲየሙን ከቦ ነበር፤ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ገብቷል።

ሉዊስ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ አወረደውና ዳኛው አስቆመ። ሐርለም ያን ሌሊት መንገድ ላይ አደረ።

አያቶቻችን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በቡልጋና በመንዝ ገደል ሲዋጉ ይህንን ሳይሰሙ ነው። እኔም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። በነገራችን ላይ ሌላም ሮቢንሰን አለ፤ በዚያው ዓመት ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን አብራሪ መጥቶ ለጃንሆይ አየር ኃይል አገልግሏል። ጣርማበር፣ እኔ ሮቢንሰን ብል ያንን ነው 😄

ስለ ችሎታው ደግሞ፦ ከ1937 እስከ 1949 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠብቋል። በከባድ ሚዛን እስካሁን የደረሰበት የለም። 1936 ላይ ማክስ ሽሜሊንግ በዝረራ አሸነፈው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሂትለር የሚኮራበትን ያንኑ ሽሜሊንግ በ124 ሰከንድ ጨረሰው። አንድ ሰው የሙሶሊኒንም የሂትለርንም ሰው ጥሏል። እስኪ አሊም ሮቢንሰንም ይሄን ያሳዩኝ።

የጅሩ_ሰንጋ
እህቴ! እግዜር ይስጥልኝ። ካርኔራን በሕይወቴ አልሰማሁም ነበር። አሊን አልተውም፣ ሁለተኛዬ ግን ሉዊስ ነው ከዛሬ ጀምሮ።

መንዜው
ይሄ ክር መጥፎ ሆኖ ጀምሮ ጥሩ ሆነ።

ጣርማበር
@የአንኮበር_ልጅ በደንብ ነው የገባሽው፤ ነገር ግን ቀላቅለሽብናል። ካርኔራ ትልቅ ነበር እንጂ ጥሩ ቦክሰኛ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የያዙት ወንበዴዎች ስለነበሩ ብዙዎቹ ድሎቹ የተገዙ ናቸው ተብለው ነው የሚታሙት። ሉዊስን የምንወድበት ምክንያት ተጨመረ እንጂ ከሮቢንሰን ይበልጣል የሚያሰኝ ነገር የለውም። 25ቱም ቢሆን፣ በ1941 በየወሩ አንድ ሰው እያመጡለት ጋዜጠኞች ራሳቸው ተጋጣሚዎቹን «የወሩ ቦዘኔ» ይሏቸው ነበር።

የአንኮበር_ልጅ
ከነዚያ ከምትስቅባቸው ውስጥ ቢሊ ኮን ነበረ። እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ እየመራ ሉዊስ በ13ኛው ጣለው። ቦዘኔ እንዲህ ነው? ደግሞ 1942 ላይ የሁለት ግጥሚያ ገቢውን ለባሕር ኃይሉና ለጦሩ የእርዳታ ድርጅት ሰጠ፤ በኋላ የራሱ መንግሥት ግብር ብሎ አሳደደው። በማርሲያኖ የተመታው ዕዳ ስለነበረበት ነው። ጋሼ የነገሩን የ37 ዓመት ሽማግሌ ለዚያ ነው ሪንግ ላይ የተገኘው።

አረርቲ_ነጩ
ስለዚህ ሁላችሁም የምትመርጡት ታሪኩን እንጂ ቦክሱን አይደለም። ሜይዌዘር ታሪክ የለውም፣ ድል ብቻ ነው ያለው፣ ጥፋቱ ይሄ ነው።

የድሮ_ጓንት
አረርቲ ይሄኛውን ጥሩ አልክ።

ቁጥር ከወደድክ ግን ሄንሪ አርምስትሮንግን እይ። 1938 ላይ በሦስት የክብደት ደረጃ በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን ነበር፣ ሦስቱንም ቀበቶ አንድ ላይ ይዞ። ያኔ ያሉት የክብደት ደረጃዎች ስምንት ብቻ ናቸው፣ በአብዛኞቹም አንድ አንድ ሻምፒዮን። ዛሬ 17 ደረጃ፣ አራት ድርጅት፣ ስንት ቀበቶ እንደሆነ አባዛው። ፓኪያዎ በስምንት ደረጃ ያገኘውን አላሳንስም፤ ከዝንብ ሚዛን ተነስቶ እዚያ መድረስ ተአምር ነው። ነገር ግን ያኔ አንድ ቀበቶና ዛሬ አንድ ቀበቶ አንድ አይደሉም።

ሮቢት_ሙቀት
ዛሬ ያሉትን ማንም አልጠራም። ኡሲክ በክሩዘር (ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ደረጃ) ሁሉንም ቀበቶ ሰበሰበ፣ ወደ ከባድ ሚዛን ወጣ፣ ሜይ 2024 ሪያድ ላይ ፊዩሪን አሸንፎ እዚያም ሁሉንም ሰበሰበ፣ በዲሴምበር ደገመው። ክሮፎርድ በ2025 ሁለት ደረጃ ዘሎ ካኔሎን አሸነፈ። ወይስ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ካልሆነ አይቆጠርም?

የድሮ_ጓንት
ኡሲክ ይቆጠራል። ግራኝ ሆኖ እንደዚያ እየዞረ ትልልቆቹን የሚያደክም በኔ ዕድሜ አላየሁም። ከዘመኑ እሱን ነው የማስቀድመው።

መንዜው
ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ ከርዕሱ ልውጣና። እኛ 2,800 ሜትር ላይ የምንኖር፣ ሳንባችን የደነደነ፣ ዱላ የምንወድ ሰዎች (ይቅርታ 😅) ቦክስ ላይ ለምን የለንም? ኦሎምፒክ ላይ ቦክሰኛ ልከን እናውቃለን አይደል?

የድሮ_ጓንት
ልከናል፣ በተለያየ ጊዜ። ሜዳሊያችን ግን ሁሉም ከአትሌቲክስ ነው። ሩጫ ዳገትና እግር ይበቃዋል። ቦክስ ተጋጣሚ ይፈልጋል፤ በአንተ ክብደት ያለ፣ ከአንተ ትንሽ የሚሻል ሰው በየሳምንቱ። እኛ ዘንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ጥሩ ልጅ ቢገኝ የሚለማመደው ከ75 ኪሎው ጋር ነው፤ ሌላ የለማ። ሁለት ጥንድ ጓንት ለሃያ ልጅ። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው በላብ የራሰውን ያጠልቃል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። የምንሠራበት አዳራሽ በኋላ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ማከማቻ ሆነ፤ የተሰበረ ወንበር ገባበት፣ እኛ ወጣን። ሳንባ ብቻውን ምን ያደርጋል።

መንዜው
ያሳዝናል። የኔ ድምፅ ለሮቢንሰን ይሁን።

የጅሩ_ሰንጋ
ይኼ ጋሼን ማባበል ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። ጣርማበር፣ አንድ ነገር መልስልኝና እተኛለሁ። ሮቢንሰንህ ወደ ቀላል ከባድ ሚዛን ሲወጣ ምን ሆነ? ጆይ ማክሲም። አቋረጠ አይደል? አሊ ማኒላ ላይ 14 ዙር ከፍሬዚየር ጋር ሲቀቀል አላቋረጠም። የፍሬዚየር አሠልጣኝ ነው ያስቆመው።

ጣርማበር
ጁን 1952፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ገደማ። ዳኛው ራሱ በአሥረኛው ዙር በሙቀት ዝሎ በሌላ ዳኛ ተተካ! ሮቢንሰን በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየመራ ነበር፤ ከ13ኛው በኋላ መነሳት አቃተው። በሕይወቱ ሳይጨርስ የወጣው ያን አንድ ጊዜ ነው፣ ያሸነፈውም ሙቀቱ ነው፣ ማክሲም አይደለም። ሮቢት_ሙቀት ምስክሬ ነው።

ሮቢት_ሙቀት
እኛ 40 ዲግሪ ላይ ሽንኩርት እንነቅላለን። አልመሰክርም።

የድሮ_ጓንት
ጣርማበር ያቺን አትከላከል። ማክሲም ምንም አላደረገም የሚባለው ትክክል አይደለም። ሮቢንሰን ሲደንስ እሱ ጉልበቱን ቆጥቦ፣ እየያዘ፣ ክብደቱን እየጫነበት ጠበቀው። ሙቀቱ ለሁለቱም እኩል ነበር። ያን ምሽት ያሸነፈው አዋቂ ቦክሰኛ ነው። እኔ ሮቢንሰንን የምመርጠው ይህንንም ቆጥሬ ነው።

ሰንጋው፣ አሊ አለማቋረጡን ደግሞ እንደ ክብር አትቁጠርለት። ማኒላ ይሁን እሺ። 1980 ላይ ከላሪ ሆልምስ ጋር 10 ዙር ሲመታ ጥጉ ላይ ያሉት ሰዎች ቀድመው ማስቆም ነበረባቸው። በዓመቱ ደግሞ ከቤርቢክ ጋር አወጡት። ልጆች ሳሠለጥን ግጥሚያ ለማስቆም የሚወረወረውን ፎጣ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ብዙ ጊዜ ወርውሬያለሁ፣ ብዙ ወላጅም ተቆጥቶኛል።

የጅሩ_ሰንጋ
ሆልምስን አይቼው አላውቅም፣ ማየትም አልፈልግም። አሊ ነው ግን።

የአንኮበር_ልጅ
@ጣርማበር የሉዊስና የሽሜሊንግን ሁለቱንም ግጥሚያ አግኝቻለሁ፣ የ1936ቱንም። የመጀመሪያውን በደንብ እይ፤ ሉዊስ ጃብ ከላከ በኋላ ግራውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሳት፣ ሽሜሊንግም በቀኙ የገባው በዚያች ክፍተት ነው። በ1938 ያችን ፈልግና ካገኘህ ድምፄን ለሮቢንሰን እሰጣለሁ።

ጣርማበር
ላኪው። ነገ ማታ አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ።